የታመመውን ስትጠይቁ ቤቱንም ጠይቁ

ለናይሮቢ ከተማ ካውንቲ የጤና ቢሮ
ግልባጭ፦ በኢስሊና በአካባቢው በኪራይ ለምንኖር ወገኖቼ ሁሉ
ናይሮቢ

ጉዳዩ፦ ስለ ሻገቱ መኖሪያ ክፍሎችና በቤት ውስጥ ስለሚተነፈስ ጭስ

ክቡራን፣

ኢስሊ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ስዋሂሊም እንግሊዝኛም ገና ያልለመዱ ወገኖቼን ይዤ ክሊኒክ እሄዳለሁ፤ በሐኪሙና በታማሚው መካከል ቆሜ የአንዱን ለሌላው አደርሳለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን በእነዚህ ዓመታት አብዝተሽ ያስተረጎምሽው ቃል የቱ ነው ብትሉኝ «ሳል» እላችኋለሁ። ደረቅ ሳል፣ አክታ ያለው ሳል፣ ሌሊት የሚነሳ ሳል፣ ልጅን እስኪያስመልሰው ድረስ የሚያንዘፈዝፍ ሳል።

የሐኪሞቹን ጥያቄዎች በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው? አክታው ደም አለው? ሌሊት ያልብሃል? ክብደት ቀንሰሃል? ሲጋራ ታጨሳለህ? ሁሉም ተገቢ ናቸው፤ የሳንባ ነቀርሳ በበዛበት ከተማ ሳይጠየቁ ማለፍም የለባቸውም። አንድ ጥያቄ ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አስተርጉሜ አላውቅም፦ የምትተኛበት ክፍል ግድግዳው ምን ይመስላል?

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚያች ጥያቄ ነው። የእንግሊዝኛና የስዋሂሊ ቅጂውን ለቢሯችሁ አስገብቻለሁ። በአማርኛ የማወጣው ደግሞ ክፍሎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች በስማቸው ምን እንደተባለ እንዲያነቡት ነው፤ እኛን ራሳችንን የሚመለከት ነገርም ስላለበት በገዛ ቋንቋችን ልነግራቸው ፈልጌ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ረጅሙ ዝናብ ሊያበቃ ሲል፣ አንዲት ጎረቤቴ የአራት ዓመት ልጇ እንደታመመባት ሰማሁና ልጠይቃት ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ክፍሉ እዚህ ሲንግል ሩም የምንለው ነው፤ አሥር ጫማ በአሥር ጫማ። አልጋው ጥግ ተጠግቶ፣ ቁም ሳጥኑ ከግርጌው ቆሞ፣ በሩ አጠገብ ማብሰያ ቦታ። ገና በሩ ሲከፈት የረጠበ ጆንያ ሽታ ተቀበለኝ። ልጁ ተኝቷል። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ደረቱም ሲር ሲር ይላል። መደርደሪያው ላይ ሦስት የሳል ሽሮፕ ጠርሙሶች ተሰልፈዋል፤ በዚያው ዝናብ ሦስት ጊዜ ክሊኒክ ወስዳዋለች፤ ሁለቱን ጊዜ ያስተረጎምኩላት እኔው ነኝ።

ልጁን አቅፋ ሳለች አልጋውን ከግድግዳው ሳብነው። ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ጥቁር ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። በጣቴ ስነካው አረፋ ያወጣው ቀለም ተፈረፈረ፤ ከሥሩ ሌላ ቀለም ወጣ፣ በሁለቱ መሐል ደግሞ ሌላ ጥቁር ነጠብጣብ። ሦስት ጊዜ ተቀብቷል፣ ሦስት ጊዜም ሻግቷል። የፍራሹ ጎን አመድማ አረንጓዴ ለብሷል፤ የልጁ ራስ የሚያርፍበት ወገን መሆኑ ነው። እናቱ ዝም ብላ አየችው። ቀጥላም፣ «ስንገባ ቀለሙ አዲስ ነበር፤ ሽታውን የቀለም ነው ብዬ ነው» አለች። ለሕንፃው ጠባቂ፣ እዚህ ኬርቴከር ለምንለው፣ ነግራው ነበር። የሰጣት መልስ፦ እናንተ ሐበሾች ብዙ ትቀቅላላችሁ፣ መስኮትም አትከፍቱም።

መስኮቱን ከፈትኩት። የሚከፈተው ወደ ሰማይ አይደለም፤ በሕንፃው መሐል ወዳለችው ጉድጓድ ነው። ብርሃንና አየር ትሰጣለች ተብላ የተተወች፣ እጅ ቢዘረጉባት ማዶ የምትነካ ክፍተት ናት። ቀና ብል መዳፍ የምታህል ሰማይ፤ ዝቅ ብል የተጣለ ፌስታልና ከመታጠቢያ ቤት ቧንቧ የሚንጠባጠብ ውሃ። የአሥራ ስድስት ክፍል እንፋሎትና ጭስ የሚወጣው በዚያች ክፍተት ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሽንኩርት ሲቁላላ ስድስተኛ ፎቅ ያለውን ሰው ያስነጥሰዋል። እንግዲህ ያቺ እናት መስኮት አልከፈትሽም ተብላ ስትወቀስ፣ ብትከፍተው የሚገባላት የሌላ ቤት እንፋሎት ነበር።

ሻጋታ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፦ ርጥበት፣ የማይንቀሳቀስ አየር፣ የሚበላው ትንሽ አቧራ ወይም የቀለም ሙጫ። ብርሃን አይፈልግም። ናይሮቢ ከምድር ወገብ ብትጠጋም ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ በሐምሌ ፀሐይ ለቀናት አትወጣም፣ ሌሊቱም እስከ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። አራት ሰው የተነፈሰው፣ ድስቱ ያወጣው፣ በገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ የለቀቀው እንፋሎት ያንን ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ከቁም ሳጥን ጀርባና ከአልጋ ሥር አየር ስለማይዞር ውሃው አይደርቅም። በዚህ ላይ የላይኛው ቤት ቧንቧ ካፈሰሰ ወይም የጣሪያው ሲሚንቶ ከተሰነጠቀ ነገሩ የተከራዩ አያያዝ መሆኑ ይቀራል። በ2024 ሚያዝያና ግንቦት በኬንያ ከ200 ሰው በላይ የገደለው ጎርፍ ጎረቤታችንን ማታሬን ሲያጥለቀልቅ፣ ውሃው ከገባባቸው ክፍሎች ስንቱ ከነርጥበቱ ተለስኖ እንደገና እንደተከራየ እዚያ የሚኖር ሁሉ ያውቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ስለ ቤት ርጥበትና ሻጋታ መመሪያ አውጥቷል። እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ሰው ለሳል፣ ለደረት ማፏጨት፣ ለአስም መባባስና ለመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ይበልጥ እንደሚጋለጥ አስፍሯል። መፍትሔውም የሻጋታውን ዓይነት በላቦራቶሪ መቁጠር አይደለም ይላል፤ ርጥበቱን ከምንጩ ማድረቅ ነው። ይህን የምጠቅሰው ከእናንተ ባለሙያዎች በላይ አውቃለሁ ብዬ አይደለም። ጉዳዩ የሽታና የውበት ጉዳይ ተደርጎ እንዳይታይ ነው።

አንድ ልጅ ደግሞ አለ፣ ስሙን ዓለም የሰማው። አዋብ ኢሻክ ይባላል። ወላጆቹ ከሱዳን እንግሊዝ የገቡ ናቸው፤ ከማንቸስተር አጠገብ ሮችዴል በምትባል ከተማ የማኅበር ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አባትየው ስለ ሻጋታው በ2017 ሲያመለክት ቀለም ቀባበት ተባለ። አዋብ ሁለተኛ ዓመቱን ባከበረ በስምንተኛው ቀን፣ በታኅሣሥ 2020 ሞተ። የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረችው ዳኛ በኅዳር 2022 ለሞት ያበቃው የመተንፈሻ አካል ሕመም ቤቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ በመጋለጡ የመጣ መሆኑን በግልጽ አስቀመጠች። አከራዩም ችግሩን ከቤተሰቡ አኗኗር ጋር ማያያዙ ስሕተት እንደነበር አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ዛሬ በእንግሊዝ አገር በዚያ ልጅ ስም የሚጠራ ሕግ አለ፤ በ2023 ጸድቆ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ የማኅበር ቤት አከራዮች የሻጋታ አቤቱታን በተወሰነ ቀን ውስጥ መርምረው እንዲያስተካክሉ ያስገድዳል። ይህን ታሪክ ለጎረቤቴ ስነግራት በመጀመሪያ የጠየቀችኝ አባቱን ምን እንዳሉት ነበር። ቀለም ቀባ እንዳሉት ስነግራት ራሷን ነቀነቀች።

ከሻጋታ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ፤ ይሄኛው በተለይ የእናንተን የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ይመለከታል። ኬንያም ኢትዮጵያም የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከብዶባቸዋል ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች መካከል ናቸው። ከነቀርሳ የዳነ ሰው ሳንባው ላይ ባዶ ጎድጓዳ ቦታ ሊቀርበት ይችላል፤ አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ እዚያ ገብቶ ይበቅላል። ምልክቱ ከነቀርሳ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፦ ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ ደም የቀላቀለ አክታ። የአክታ ምርመራው ግን ነቀርሳ የለም ይላል። ሕመምተኛው ዳግመኛ የነቀርሳ ኪኒን ተሰጥቶት፣ ሳይሻለው ወሮች ሊያልፉበት ይችላሉ፤ የሚያስፈልገው የፈንገስ መድኃኒት ሆኖ ሳለ። የዚህ ሻጋታ ብናኝ ውጭም አየር ውስጥ አለ፤ የሻገተ ቤት ብቻ ነው ምንጩ አልልም። ቢሆንም ሳንባው የቆሰለን ሰው መድኃኒት አስጨርሶ ወደ ጠቆረ ግድግዳ መመለስ ልክ አይመስለኝም። መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ራሱ ነቀርሳውን ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚያሸጋግርም እናንተው ታስተምሩናላችሁ።

አሁን ወደ ከሰሉ ልምጣ።

አንድ ሐምሌ ሌሊት፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ በፎቃችን ኮሪደር አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማን። ከአገር ከገቡ ወር ያልሞላቸው ሦስት ወጣቶች አንድ ክፍል ተከራይተው ነበር። ማታ ሽሯቸውን በኮሪደሩ ላይ ጂኮ በሚባለው የከሰል ምድጃ ሠርተው ሲጨርሱ፣ ብርዱ ሲጠናባቸው ፍሙን ወደ ውስጥ አስገቡት። ጭስ የለውም፤ ቀይ ብቻ ነው። የበሩን ሥር በፎጣ ደፈኑት። ከሦስቱ አንዱ ሊሸና ተነሣና በሩን እንደከፈተ ተደፋ። የመውደቁ ድምፅ ነው ያተረፋቸው። ሁለቱን ጎትተን ስናወጣ አንደኛው እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፣ ሌላኛው ስሙን ሲጠሩት አይመልስም ነበር። ሆስፒታል ኦክስጅን ተሰጥቷቸው በማግሥቱ ተመለሱ። ለሳምንት ያህል ራሳቸውን ያማቸው ነበር።

እኛ «ከሰል አፈናቸው» እንላለን። የሚያፍነው ጭሱ አይደለም፤ ጭሱማ ዓይን ስለሚያቃጥል ያስጠነቅቃል። ገዳዩ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ፍሙ በደንብ ተቀጣጥሎ ጭሱ ሲጠፋ አደጋው አበቃ ብለን ወደ ቤት የምናስገባበት ሰዓት፣ ሳናውቀው የምንሞትበት ሰዓት ነው። እናቶቻችን ያስተማሩን ከሰሉ እስኪፋፋም ውጭ አቆዩት ብለው ነበር። ጭሱን አየር ላይ ለመተው ልክ ነበሩ፤ የቀረው ግን በዓይን አይታይም።

የጂኮ ነገር ሲነሣ አንድ የሚያኮራ ዝምድና ትዝ ይለኛል። ከውስጥ በሸክላ የተለበጠው የኬንያ ጂኮ በ1980ዎቹ እዚህ ተሠርቶ ተስፋፋ። አዲስ አበባ ላይ ላቀች የምንላት ምድጃ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራችው የእሱን አርአያ ይዛ ነው። ብዙ ከሰል ቆጥበዋል፤ የብዙ እናቶችን ኪስ ጠብቀዋል። ከሰል መቆጠብ ግን አየር ማጽዳት አይደለም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ያው ፍም ናቸው።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት ሞቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ይህን ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በዚችው አገር፣ በላይኪፒያ ምፓላ እርሻ አካባቢ በማገዶና በከሰል የሚያበስሉ ቤተሰቦችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2001 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ የሚተነፍሱት ጭስ ሲጨምር የመተንፈሻ አካል ሕመማቸው አብሮ እንደሚጨምር አሳይተዋል።

መንግሥት በከሰል ላይ ምንም አላደረገም አልልም። በ2018 በደን ቆረጣ ላይ እገዳ ጥሎ ነበር፤ ከሰሉ ተወደደ እንጂ ከክፍላችን አልወጣም። በጋዝ ላይ በ2021 የተጣለው የ16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በ2022 ወደ 8 ወርዶ በ2023 ሙሉ በሙሉ ተነሥቷል፤ ይህ ጠቅሞናል። ሆኖም ሲሊንደር ለመሙላት ገንዘቡ ባንድ ጊዜ መገኘት አለበት። ከሰል በጣሳ ይሸጣል። የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው የሚገዛው በጣሳ የሚሸጠውን ነው። ስለዚህ ከሰል ይከልከል የሚል ጥያቄ አልጠይቃችሁም፤ ቢከለከል መጀመሪያ የሚራቡት ጎረቤቶቼ ናቸው። የምጠይቃችሁ ስለ ቤቱ ነው።

የኒው ዮርክ ከተማ የዛሬ መቶ ሃያ ዓመት ገደማ በዚሁ ነገር ተቸግራ ነበር። በ1879 የወጣ ሕግ በኪራይ ሕንፃዎች መሐል ጠባብ የአየር ጉድጓድ እንዲተው አደረገ፤ ልክ እንደኛዋ ያለች። ጉድጓዷ ቆሻሻ መጣያ ሆነች፣ እሳት ሲነሣ ደግሞ ነበልባሉን ወደ ላይ የሚስብ ጭስ ማውጫ። በ1901 ሌላ ሕግ መጣና ጉድጓዷን በሰፊ ግቢ ተካት፤ መስኮት የሌለው ክፍልም ቀረ። ሕንፃ ፈቃድ የሚሰጡት የእናንተው ካውንቲ ሰዎች ናቸው። ከ1968 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረውንም የሕንፃ ደንብ አገሪቱ በ2024 በአዲስ ተክታለች። የኢስሊ ሕንፃዎች በዓይናችን ፊት ሰባት፣ ስምንት ፎቅ ሲሆኑ ጉድጓዶቹ ግን ባሉበት ጠበው ቀርተዋል።

ሕግ የለም እንዳልል አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን፣ በአንቀጽ 43 ደግሞ ጤናንና በቂ መኖሪያን ለማንኛውም ሰው መብት አድርጓል፤ «ለማንኛውም ሰው» ነው የሚለው፣ «ለዜጋ» አይልም። የሕዝብ ጤና አዋጁ፣ ምዕራፍ 242፣ በአንቀጽ 118 በአሠራሩ ወይም በያዘው ሁኔታ ለጤና ጎጂ የሆነ መኖሪያን ሊወገድ የሚገባው ጉዳት ብሎ ይቆጥረዋል። በአንቀጽ 119 ደግሞ የጤና ሹሙ ባለቤቱን በማስታወቂያ እንዲያስተካክል ማዘዝ ይችላል። ይህ ሥልጣን ያለው በእናንተ እጅ ነው። የኪራይ ጉዳዮች ሸንጎ በሕጉ የተፈቀደለት ከ2,500 ሽልንግ የማይበልጥ ኪራይ ብቻ ነው፤ በዚያ ዋጋ ኢስሊ ውስጥ ክፍል የለም። ለእኛ ሌላ በር የለንም።

የጤና መኮንኖቻችሁ በእኛ ሕንፃ ሥር ወዳለው ምግብ ቤት ይመጣሉ። አይቻቸዋለሁ። ወጥ ቤቱን ያያሉ፣ የሠራተኞቹን የጤና ምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ፣ ጎመኑ የታጠበበትን ገንዳ ሳይቀር ያዩታል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ከዚያው በር ጎን ደረጃ አለ፤ ደረጃውን ወጥተው አያውቁም።

ለምን አላመለከታችሁም ትሉኝ ይሆናል። በሚያዝያ 2014 በኢስሊ ቤት ለቤት አሰሳ ተደርጎ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘው ካሳራኒ ስታዲየም ገብተዋል። ያ ወቅት ከሰዎች ልብ አልወጣም። ዛሬም የስደተኛ ወረቀቱ እድሳት ላይ የሆነ ሰው፣ ግድግዳዬ ሻገተ ብሎ የመንግሥት ቢሮ ደጃፍ አይቆምም። አከራዩ ውጣ ቢለው ቀብዱን ማን ያስመልስለታል? ስለዚህ አቤቱታ ስላልመጣላችሁ ችግር የለም ብላችሁ እንዳትደመድሙ እለምናችኋለሁ።

ይህ ዝምታ የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም። ቱፑሙዌ በተባለ ጥናት፣ በስዋሂሊ «እንተንፍስ» ማለት ነው፣ ተመራማሪዎች የሙኩሩን ደሳሳ ሰፈር ልጆችና ሻል ያለ ኑሮ ያለበትን የቡሩቡሩን ልጆች አነጻጽረው ነበር። የአስም ዓይነት ምልክት ይበልጥ የታየው ሙኩሩ ባሉት ልጆች ላይ ነው፤ በሐኪም «አስም አለበት» የተባሉ ልጆች የበዙት ደግሞ ቡሩቡሩ ናቸው። የሙኩሩ ልጅ ይታመማል፣ ሕመሙ ግን ስም አያገኝም። ይህን ሳነብ ሦስቱ የሽሮፕ ጠርሙሶች ትዝ አሉኝ። ካውንቲያችሁ ሙኩሩን በ2017 ልዩ የዕቅድ ቀጠና ብሎ ሰይሞ፣ ነዋሪውን ከራሱ ከነዋሪው ጋር ቆጥሮ፣ ችግሩን በካርታ አስቀምጧል። እንዴት እንደሚሠራ ታውቁበታላችሁ ማለት ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ምግብ ቤት ለማየት የመጣው መኮንን ደረጃውን ይውጣ፤ በየሕንፃው ከእያንዳንዱ ፎቅ ሁለት ክፍል እንኳ ይይ፤ አልጋና ቁም ሳጥን ይሳብና ከጀርባው ይታይ። ርጥበቱ ከቧንቧ ወይም ከጣሪያ ሲሆን ለባለቤቱ በአንቀጽ 119 ማስታወቂያ ይድረሰው፤ ቀለም መቀባትም እንደ ጥገና አይቆጠርለት። በክሊኒኮቻችሁ የሳል መጠይቅ ላይ ሦስት መስመር ይጨመር፦ ግድግዳው ይረጥባል ወይ፣ በምን ታበስላላችሁ፣ መስኮቱ ወዴት ይከፈታል። እኔ በደስታ አስተረጉማቸዋለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ቤት ጤና የሚያመለክት ሰው የመኖሪያ ወረቀቱ እንደማይጠየቅ በጽሑፍ አስታውቁልን፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በትግርኛ ተጽፎ በየሕንፃው መግቢያ ይለጠፍልን።

አሁን ለእናንተ፣ ወገኖቼ። እማማ፣ እትዬ፣ ወንድም ጋሼ፣ ይህን እንደ ልጅም እንደ እህትም ስሙኝ።

አከራዩ ጥፋት አለበት ማለት እኛ የለብንም ማለት አይደለም። በአሥር ጫማ ክፍል ሃምሳ እንጀራ ስንጋግር ያ ሁሉ እንፋሎት ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው። በሩ ክፍት ይሁን፤ ከተቻለም የምትጋግሩበት ሰዓት ልጅ የሚተኛበት ሰዓት አይሁን። ቡናችንን አልነካም፤ ስደት ላይ ከቀሩልን ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ግን ከሰሉ ኮሪደር ወይም ሰገነት ላይ ሆኖ ጀበናው ከዚያ ይምጣ፣ ዕጣኑም ሦስት ዙር ሙሉ በተዘጋ ቤት አይጨስ፤ አስም ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ ጨርሶ ይቅር። ፍም ያለበት ምድጃ ይዞ መተኛት፣ ለአንዲት ሌሊትም ቢሆን፣ አይሞከር። አዲስ ለመጣ ሰው ጋቢና ብርድ ልብስ የምንሰጠውን ያህል ይህን እንንገረው። ጭስ ሳይሸታችሁ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁና እግራችሁ ከከዳችሁ፣ መጀመሪያ ውጡ፣ ከዚያ ጥሩን።

አልጋችሁን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት። ሻጋታ ስታዩ ደረቁን በመጥረጊያ አትጥረጉት፤ ብናኙ ይነሣል። በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ጥረጉ። እዚህ ጂክ የምንለውን በረኪና ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከቶ አትደባልቁ፤ የሚወጣው መርዝ ጋዝ ነው፣ አንዲት እህታችን በዚህ ምክንያት ደረቷ ተቃጥሎ ያስተረጎምኩላት እኔ ነኝ። ማጽዳቱ ራሱም ርጥበቱ ካልደረቀ ለሁለት ሳምንት ነው። ከማጽዳታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ፤ ቀኑን ጻፉ። ዕድራችን ለለቅሶ የሚይዘው መዝገብ አለው፤ ከኋላው ጥቂት ገጽ ለዚህ ይሁን፦ የቱ ሕንፃ፣ ስንተኛ ፎቅ፣ የቱ ግድግዳ፣ ለማን ተነገረ፣ ምን ተባለ። አንድ ሰው ስሙን ሰጥቶ ለማመልከት ይፈራል፤ ዕድር ግን አርባ ቤት በአንድ ወረቀት ማመልከት ይችላል።

ክቡራን፣ ስለ ልጁ ሳልነግራችሁ ደብዳቤዬን መዝጋት አልፈልግም። እናቱ ክፍሉን ለቀቀች፤ ቀብዷ አልተመለሰላትም። አሁን ፓንጋኒ ከዘመድ ጋር ተዳብለው ይኖራሉ፤ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ቤት ነው። ኢንሄለር ታዞለታል። ሳሉ ጨርሶ አልተወውም፤ ሌሊቱን ግን ተኝቶ ያድራል።

የለቀቁት ክፍል በሳምንቱ ለአራተኛ ጊዜ ተቀብቶ ተከራየ። የገቡበት ባልና ሚስት ናቸው፤ ሚስትየው ነፍሰ ጡር ናት። እንኳን ደህና መጣችሁ ልል በገባሁ ጊዜ አልጋቸውን በዚያው ግድግዳ አስጠግተው አየሁት። የነገርኳቸውን ነግሬያቸዋለሁ። የሕንፃውን ስምና የክፍሉን ቁጥር ለብቻው በታሸገ ፖስታ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤላችኋለሁ፤ ከጥቅምት ዝናብ በፊት ብትመጡ ደረጃውን አብሬያችሁ እወጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የኢስሊ ነዋሪ፣ አስተርጓሚ